የቀሚሱ አንቀጽ

መንዝ ስመደብ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ያደግኩት ዓለም ከተማ ነው፤ እዚያ ቀትር ላይ ጥላ ይፈለጋል። እዚህ ግን ትምህርት ቤቱ የተሠራው ከጓሳ ሜዳ በታች ባለች ትንሽ ከተማ ጫፍ፣ ገላጣ ላይ ነበርና ንፋሱ የሚያቆመው የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጠመኔ የያዘው እጄ እየደነዘዘ የፊደሎቼ ቅርጽ ይበላሽብኝ ነበር። ተማሪዎቹ ባናቸውን፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ እኔ ሁለት ሹራብ ደራርቤ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ።

ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ አይሰማም!" ሲሉኝ ፊቴ ይቀላል። ስለዚህ ብዙውን ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኛል። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ኮሚቴ የሌለው ነገር አልነበረም፤ የጽዳት ኮሚቴ፣ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ፣ የክበባት ኮሚቴ፤ በሁሉም ውስጥ ጸሐፊ ያደርጉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጸሐፊ አቀርቅሮ ይጽፋል፤ ማንም ሐሳቡን አይጠይቀውም።

የመረብ ኳሱ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁትም እንዲሁ ነው። በአካባቢው ያሉ ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ የሴቶች መረብ ኳስ ውድድር ያደርጋሉ። ከላይ የመጣ ነገር አልነበረም፤ መምህራን ተነጋግረው የጀመሩት ነው። ሊቀ መንበሩ የእኛው ትምህርት ቤት አንጋፋ የስፖርት መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታቸው ቀርቦ ነበር፤ ፊሽካቸውን ስብሰባ ላይም ከአንገታቸው አያወልቁም። እኔ በደረስኩበት ዓመት ስድስቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሌላውን እየከሰሰ መግባባት አቅቷቸው ስለነበር፣ ጋሼ "እንግዲህ ደንብ ይጻፍ፤ የሚጽፍ ሰው አግኝተናል" ብለው እኔን አሳዩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩት። ስለ ልብስ የሚለውን አንቀጽ ካገኘሁት አንድ የስፖርት መጽሐፍ እንዳለ ገለበጥኩት፦ ተጫዋቾች ቁጥር ያለው ማሊያ፣ ቁምጣ ወይም ቱታ ይለብሳሉ። በዚህች አላሰብኩም። ብዙ ያሰብኩት አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ ደንቡ እንዴት እንደሚሻሻል በሚናገረው ላይ ነበር። ማሻሻያ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሐሳቡን በጽሑፍ እስከ ጥር መጨረሻ ያቀርባል፤ መጋቢት ላይ ተወካዮች ይወያዩበታል፤ ከስድስቱ አራቱ ከደገፉት ይጸድቃል። ከዚያ፣ ውድድር ደጃፍ ላይ ደርሶ ሕግ እየተቀየረ እንዳያጣላ፣ "የጸደቀ ማሻሻያ ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ጀምሮ ይጸናል" ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ተኝቼ አሰብኩበት። የሚያስቸኩል ነገር ቢገጥምስ? በማግስቱ ተነስቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "ሆኖም በስብሰባው ላይ የተገኙት ስድስቱም ትምህርት ቤቶች ከተስማሙ በዚያው ዓመት ሊጸና ይችላል።" ጥንቃቄዬ አኮራኝ። ደንቡ በስብሰባ ሲቀርብ ግን አንቀጽ በአንቀጽ ያነበበው ሰው አልነበረም። በጭብጨባ ጸደቀ።

በዚያው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የቄስ ልጅ ናት፤ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከሚያስኬድ መንደር ነው የምትመጣው። ረጅም ስለሆነች ከኋላ ትቀመጣለች። መልሱን እያወቀች እንደማትናገር ከዓይኗ አውቅባት ነበር፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ አልተውኳትም። "እጅሽን አውጪ" እላታለሁ። ታወጣለች፣ ግን ከትከሻዋ በላይ አታሳልፈውም። "ከፍ አድርጊው። ካላዩሽ ተነስተሽ ቁሚ" እላታለሁ። ክፍሉ ይስቃል። እሷ መጽሐፏን ታያለች።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ሰርቭ ከማድረጓ በፊት ትንሽ ደረቅ ሣር ነጭታ ትበትንና ንፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ታያለች። ከዚያ ኳሱን ከሜዳው ውጭ ወደ አጥሩ ትመታዋለች። አሁን ወጣ ሲባል ንፋሱ መልሶ ያመጣና መስመሩ ውስጥ ይጥለዋል። ማንም እንደዚያ አይችልም ነበር። ከሌላ ቦታ የመጡት ልጆች ንፋሱን ይረግሙታል፤ እሷ ግን ትጠቀምበታለች።

የምትጫወተው ከስሩ ሱሪ ባለው ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ ነበር። አባቷ ቁምጣም ቱታም አይፈቅዱም። ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ብቻ ለብሳ አደባባይ አትቆምም ባይ ናቸው። በትምህርት ቤታችን ውስጥ ስንጫወት ይህን እንደ ችግር ያየው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ግን የተጋጣሚያችን አምበል ሄዳ ለዳኛው ከሰሰች። ዳኛው እኔ የጻፍኩትን ደንብ ከኪሱ አውጥቶ ሰው ሁሉ ፊት አነበበ። "ቁምጣ ወይም ቱታ ነው የሚለው፤ ውጪ" አላት። ወጥታ ከሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን እግሯ ላይ ጠቅልላ። ተሸነፍን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አሥረኛ ክፍል ደርሳለች።

"ቲቸር፣ ሕጉ ይቀየራል እንዴ?"

"የቱ ሕግ?"

"የቀሚሱ።" ጣቶቿን እያፍተለተለች ነበር። "አባቴ አምና ሰው ፊት ውጪ መባሌን ሰምቶ፣ ሁለተኛ እንዳትሄጂ ብሎኛል። አሁን ስለምነው፣ ቀሚስ ይፈቀዳል የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ካመጣሽ ተጫወቺ አለኝ።"

"ከርሞ ደግሞ…" ልላት ጀመርኩ።

"ከርሞ የለሁም እኮ ቲቸር። ማትሪክ እንደማላልፍ አውቃለሁ። ሒሳቡ አይገባኝም። ቤት እገባለሁ። ዘንድሮ ብቻ ነው ያለኝ።" ይህን ያለችው ሳታዝን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው።

ሐሳቡን እኔ ጻፍኩት፤ ጋሼ ፈረሙበት። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለስድስቱም ትምህርት ቤቶች ተላከ።

ስብሰባው የተደረገው በመጋቢት ቅዳሜ፣ በሁዳዴ፣ በእኛው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ተወካይ መጣ፤ ሁሉም ወንዶች። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ተወካይ አይደለሁም፣ ጸሐፊ ነኝ። አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ፣ ለመመለስ የሚቸኩሉ ነበሩ። በመስኮቱ ከበግ ተራው የሻጭና የገዢ ጩኸት ይሰማል፤ ተወካዮቹን የሚመልሳቸው አይሱዙ መኪናም ገበያው ሲበተን ነው የሚነሳው።

የመጀመሪያው አጀንዳ ስለ ንፋሱ ነበር፤ ነጥብ አሥራ ሦስት ላይ ቡድኖቹ ሜዳ ይቀያየሩ የሚል። ወዲያው አለፈ። ከዚያ ጋሼ የእኛን ሐሳብ አነበቡ።

አምና ያሸነፈን ትምህርት ቤት ተወካይ የሒሳብ መምህር ነበር። ቀልደኛ ነው፤ ሲናገር ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። "እኔ ተቃውሞ የለኝም" አለ፣ "አንድ ነገር ብቻ አስረዱኝ። መረብ መንካት ጥፋት ነው። ንፋሱ የልጅቷን ቀሚስ ብድግ አድርጎ መረቡ ላይ ቢያለብሰውስ? ነጥቡን ለማን ልንሰጥ ነው? ለንፋሱ?"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጋሼም ሳቁ። "ለንፋሱማ ስንት ዓመት ስንሰጥ ኖርን" አሉ።

"ኧረ ቀሚስ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም" አለ ሌላው።

"አንተ በምን አወቅክ? ለብሰህ ታውቃለህ?"

"እናቴን አይቻለሁ፣ አንተ ባለጌ! ስታጭድ በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች። እስከ ማታ ብትጎነበስ አይነቃነቅም።"

"በቃ መቀነት ይሁና!" አለ የሒሳብ መምህሩ። "ጸሐፊ፣ ጻፊ። ከስሩ ሱሪ ያለው፣ ወገቡ በመቀነት የታሰረ ቀሚስ። የመቀነቱ ጫፍ እንዳይንዘላዘል ወደ ውስጥ ይሸጎጥ። አየሽ፣ ሒሳብ ስለማስተምር ነው ሁሉን የማስበው።"

ጻፍኩ። ፈገግ ብዬ እንደነበር አስታውሳለሁ። ድምፅ ሲሰጥ ስድስቱም እጃቸውን አወጡ፤ የሒሳብ መምህሩ ሁለት እጁን አወጣ፣ አንዱን ለንፋሱ ነው ብሎ። "እንግዲህ ያቺን ልጅ ዘንድሮ ከነቀሚሷ እንገጥማታለን" አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር። በዚያች ደቂቃ ማንም ከልካይ አልነበረም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ቆይ እንጂ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው? ጸሐፊ፣ ደንቡ ምን ይላል?"

ደንቡ ፊቴ ተዘርግቷል። አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ ጣቴን አድርጌ አነበብኩ። "የጸደቀ ማሻሻያ ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ጀምሮ ይጸናል።"

"እንዲያ ከሆነ ለከርሞ ነው" አሉ ጋሼ። "መልካም፣ ለከርሞ ይሁን።"

አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎቹ ተከተሉት። ወንበሮች ተንቋቁ።

"ሆኖም" አልኩ።

ማንም አልሰማም። አጠገቤ የነበረው ሰው ባናውን ትከሻው ላይ እየጣለ ነበር። ጣቴ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ ጮክ ብል፣ ወይም ብነሳ፣ ሁሉም ዞረው እንደሚያዩኝ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም እሱን ነው፣ ዞረው እንዳያዩኝ። ጋሼ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ስብሰባ የሚዘጉት እንደዚያ ነው። ሳቁ፣ ተጨባበጡ፣ ወጡ። እኔ አቀርቅሬ ጻፍኩ፦ ማሻሻያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይጸናል፤ ስብሰባው በዘጠኝ ሰዓት ተዘጋ።

ደጅ ስወጣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ከበጎቹ መሃል ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጸደቀ" አልኳት፤ ፊቷ ላይ የመጣውን ደስታ ሳይ ቀሪውን መናገር ከበደኝ፣ ግን ተናገርኩ። "ለከርሞ ነው ግን።"

"ሁሉም እምቢ አሉ?"

"የለም። ማንም እምቢ አላለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ደንቡ እንደዚያ ይላል" አልኩ። ይህ ከመልሴ ግማሹ ነበር። ሌላውን ግማሽ ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

ጋሼ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ታዲያ ለምን ያኔ አላነበብሽውም?"

"ጀምሬ ነበር ጋሼ። ተነሱ።"

"ተነሱ? እና ብትጮሂ ይገድሉሽ ነበር?" ከዚያ መልኬን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። "እሺ፣ አሁን እንደገና መሰብሰብ ነው። በወረቀት እያዞርን እናስፈርም እንዳንል 'በስብሰባው ላይ የተገኙት' ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ ስትጽፊ ቀዳዳ አትተዪም።"

ለየትምህርት ቤቱ ስልክ ደወሉ። አራቱ ከፋሲካ በፊት እንመጣለን አሉ። የሒሳብ መምህሩ ጋ ሲደውሉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። እየቀለደ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ያኔውኑ ብትሉኝ እሺ ባልኩ፤ ሁለት እጄን አውጥቼ የለ! አሁን ግን ወሬው ልጆቹ ጋ ደርሷል። አምና ያሸነፋችሁት እሷ ስለወጣች ነው እየተባሉ ሲሰደቡ ነው የከረሙት። አሁን በገዛ እጄ ሄጄ አስገባኋት ብዬ ምን ብዬ ላስረዳቸው? ለከርሞ ተብሎ ጸድቋል። ለከርሞ ይሁን።"

ጋሼ ስልኩን ዘጉ። እሱ ካልመጣ ስድስት አይሞላም። ትንሽ አሰቡና፣ "የጸደቀውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፊና ማኅተም ላድርግበት" አሉ። "ለአባትየው አሳዪ። ቀኑን ግን ባትጠቅሺው። ከተጫወተች በኋላ ማንም ካልከሰሰ እኔ አላነሳውም።"

ያን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ ጋሼ እንዳሉት ጻፍኩ። ሳየው አላመንኩበትም፤ ቀደድኩት። በመጨረሻ ሙሉውን ጻፍኩ፣ ቀኑንም ጭምር፤ ከስሩ አንቀጽ አሥራ ሁለትን እንዳለ ገለበጥኩ። ያን ያደረግኩት እውነት ወድጄ ነው ወይስ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ጋሼ አነበቡት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማኅተሙን አደረጉበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷ መንገድ እየመራች ወደ ቤታቸው ወሰደችኝ። ቤቱ በጓሳ ሣር የተከደነ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። አባቷ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር፤ ጥምጣማቸውን አላወለቁም።

"ግቢ ልጄ፣ ብርዱ በላሽ። አስተማሪዋ አንቺ ነሽ? ልጅ ነሽ እኮ!"

"እንደምን አሉ መምሬ።"

"እግዜር ይመስገን።" እናትየው የገብስ ዳቦና በተልባ የተለወሰ ስልጆ አቀረቡልኝ። ልጅቷ ምሰሶው ጋ ቆመች። መምሬ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው፣ አንድ ጎኑ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የራሴን ጽሑፍ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ቤቱን ሞላው።

"'ወገቡ በመቀነት የታሰረ ቀሚስ'። ይህ መልካም ነው፤ ሰው ያለበት ጉባኤ ነው።" ቀጠሉ። "'ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ጀምሮ ይጸናል'። ለከርሞ ነዋ?" መልስ ሳይጠብቁ የመጨረሻውን አነበቡ። "'ሆኖም በስብሰባው ላይ የተገኙት ስድስቱም ትምህርት ቤቶች ከተስማሙ በዚያው ዓመት ሊጸና ይችላል'።" ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። "ስድስቱም ተገኝተው ነበር?"

"ተገኝተው ነበር መምሬ።"

"ቀሚሱንስ ስድስቱም ወደዱት?"

"ወደዱት።"

"እንግዲያማ ዘንድሮም ይሆን ነበራ! ይቺን የመጨረሻዋን ያነበበላቸው አልነበረም?"

ዳቦው እጄ ላይ ነበር። ልጅቷ ከምሰሶው ስር እያየችኝ እንደሆነ ሳላያት ይሰማኛል። "አንባቢዋ እኔ ነበርኩ" አልኩ። "የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ ሁለተኛውን ሳልጨርስ ተነሱ።"

መምሬ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እኛ የጓሳው ሣር ለአጨዳ እንዲከፈት ወይ እንዲዘጋ ስንሰበሰብ" አሉ ረጋ ብለው፣ "ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ ሽማግሌው በስሙ ጠርተው 'አንተስ ምን ትላለህ?' ይሉታል። ሳይናገር አይነሳም። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ነገር ቢያመጣ የሚሰማው የለማ። እናንተ ዘንድ የሚጠይቅ የለም?"

"ጠይቀውኝ ነበር መምሬ" አልኩ።

ከዚህ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱልኝ። "የሐሰት ወረቀት አላመጣሽልኝም፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን እንደምታዪው ዘንድሮ አይልም። አምና ሰው ፊት ውጪ ተብላለች። ዘንድሮ ደግሜ ለዚያ አልሰዳትም።"

ልጅቷ እስከ ጅረቱ ድረስ ሸኘችኝ። ንፋሱ ከፊታችን ነበርና ሁለታችንም አቀርቅረን ነው የምንሄደው። ድንጋዩ መሻገሪያ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ቲቸር፣ 'ሆኖም' ካሉ በኋላ ለምን አልቀጠሉም?"

"አልሰሙኝም።"

ስትናገር ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። "እኔን ግን፣ ካላዩሽ ተነስተሽ ቁሚ ይሉኝ ነበር።"

"ደህና ይግቡ" ብላ ተመለሰች። ጅረቱን ተሻግሬ ወደ ኋላ ሳይ አረንጓዴ ቀሚሷ ዳገቱ ላይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ውድድሩ ተጀመረ። ጋሼ አንድ ነገር አሰቡ፤ የመስመር ዳኛ ምን እንደሚለብስ ደንቡ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም። መምሬም ለዚህ ፈቀዱ፤ ውጪ የሚላት ስለሌለ። ስለዚህ ልጅቷ ከአምና አሸናፊዎቹ ጋር በተጋጠምን ቀን ቀይ ባንዲራ ይዛ ከሜዳው ጥግ ቆመች። ቀሚሷን በመቀነት አጥብቃ አስራለች፤ የመቀነቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ሸጉጣዋለች። የሒሳብ መምህሩ ሲያያት ፊቱን ወደ ሌላ ወገን አዞረ።

እኔ የነጥብ መዝገቡን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። አንድ አንድ እኩል ሆነን ሦስተኛው ዙር ላይ ደረስን። በመጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመሩን ነበር፤ ሰርቩ የእኛ ነው። ልጃችን መታችው። ኳሱ ከፍ ብሎ ሄደ፣ ንፋሱ ያዘው፣ መስመሩ አጠገብ ወረደ፤ አቧራ ተነሳ። ዋናው ዳኛ በአቧራው ምክንያት አላየም። የእኛ ተማሪዎች "ገባ! ገባ!" እያሉ ጮኹ። ከመንደሩ የመጡትም፣ የክፍሏ ልጆችም፣ ሁሉም እሷን እያዩ ነው የሚጮኹት።

ባንዲራውን ወደ ላይ አነሳች። ወጥቷል ማለት ነው።

"አውርጂው! ምን ነካሽ! የኛ ነው እኮ!" ይሏታል። አንዱ "አንቺ ከሃዲ" ሲላት ሰማሁ። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷት ከተጋጣሚው አምበል ጋር ይነጋገራል፤ ነጥቡን ለእኛ ሊሰጥ ፊሽካውን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ሜዳው ገባች። ሌላ ጨመረች። ክንዷ ከትከሻዋ በላይ፣ ከራሷም በላይ፣ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ንፋሱ ባንዲራውን ያርገበግበዋል። ሰው ሁሉ ያያት ነበር። ዳኛው ዞሮ እስኪያያት ድረስ አላወረደችውም።

ነጥቡ ለእነሱ ሆነ። በሚቀጥለው ሰርቭ ጨረሱን።

ጨዋታው ሲያልቅ ባንዲራውን ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። "መስመሩን አልነካም ቲቸር" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ግንቦት ላይ ፈተናውን ወሰደች፤ እንዳለችውም አላለፈችም። በተከታዩ ዓመት ሁለት ልጆች በመቀነት የታሰረ ቀሚስ ለብሰው ተጫወቱ፤ ማንም አልከሰሰም። አዲስ ተማሪዎች ቀሚስ ድሮም የተፈቀደ ይመስላቸዋል። እኔ ቃለ ጉባኤውን ስገልጥ ያን ቅዳሜ የጻፍኩትን አገኛለሁ፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ስርዝ ድልዝ የለውም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ይላል። ልክ ነው፤ የጎደለው ድምፅ የእኔ ነበር፤ እሱ ደግሞ በደንቡ መሠረት አይቆጠርም።